ብዙ ክር የጨረሰው ካሴት

ልጅ ሳለሁ ያልገባኝን ነገር ዝም ብዬ አላልፍም ነበር። ጎረቤቶቻችን «ነፃነት መርማሪዋ» ይሉኝ ነበር። የመብራት ቆጣሪው ለምን ይዞራል፣ ቄሱ ጢማቸውን ለምን አይላጩም፣ አዛኑ ከመስጊዶቹ ሁሉ አንድ ላይ የማይጀምረው ለምንድን ነው፤ የአንዱን መልስ ሳልሰማ ሌላውን እጀምራለሁ። እናቴ «ይቺ ልጅ በጥያቄዋ አንድ ቀን ጉድ ታፈላለች» ትል ነበር። ጉዱን ያፈላሁት ግን ስጠይቅ አይደለም። ገባኝ ብዬ መጠየቅ ባቆምኩበት ቀን ነው።

ዓመቱ ዘጠና ሁለት ነው፤ ዘጠኝ ዓመቴ ነበር። የምንኖረው ከሐኪም ጋራ ሥር፣ ሁለት ክፍል ቤት ውስጥ ነው፤ አባቴ ዓለሙ፣ እናቴ ሙሉነሽና እኔ። አባቴ በደርግ ጊዜ በጦሩ ባንድ ውስጥ ጊታር ይመታ ነበር። ጦሩ ሲበተን ባንዱም ተበተነ። ዩኒፎርሙን መለሰ፤ ጊታሩ ግን በገዛ ገንዘቡ የገዛው ስለነበር ይዞት መጣ። ከዚያ ወዲህ ቀን ቀን ጋራዥ ውስጥ የመኪና ባትሪ ይሞላል፣ ቅዳሜና እሑድ ሠርግ ላይ ይጫወታል። በዚያ ዓመት ጥቅምት ላይ ከሁለት የድሮ ጓደኞቹ ጋር ድሬዳዋ ወርዶ አሥር ዘፈን ያለበት ካሴት አወጣ። ስሙን «ከጋራው ሥር» አለው።

የዚያን ዓመት ካሴቶች ዛሬም በሽፋናቸው አስታውሳቸዋለሁ። አብዛኞቹ ከአዲስ አበባ የሚመጡ ነበሩ፤ አንድ ኪቦርድ ከበሮውንም ዋሽንቱንም ማሲንቆውንም ተክቶ የሚሠራባቸው። አንዷ ዘፋኝ አረንጓዴ ቀሚስ ለብሳ ፏፏቴ ፊት ቆማለች፤ ፏፏቴው ሥዕል እንደሆነ የገባኝ ከብዙ ጊዜ በኋላ ነው። የኦሮምኛ ነበር፣ የሐረሪ የሠርግ ዘፈን ነበር፣ አንድ ባለ ጥቁር መነጽር ሰውዬ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ የሚያለቅስበትም ነበር። የአባቴ ከሁሉም ይለያል። ጊታሩ ገና ከመነሳቱ ይሮጣል፣ ድራሙ ይደርስበታል፣ ከዚያ ሦስቱም ወንዶች አዝማቹን በአንድ አፍ ይቀበሉታል። አዝማቹ አንዴ ከገባባችሁ ቀኑን ሙሉ አይለቃችሁም። ዘፈኖቹ አጫጭር ናቸው፤ ገና ጣመኝ ስትሉ ያልቅና ሌላው ይነሳል።

በሐረር ግን የካሴትን ዕድል የሚወስኑት ዘፋኞች አልነበሩም። ልብስ ሰፊዎች ነበሩ። ከፈረስ መጋላ ቁልቁል የሚወርደው ጠባብ መንገድ መኪና ግርግር ይባላል፤ ግርግሩ የስፌት መኪና ነው። ሰፊዎቹ ግራና ቀኝ በየበራቸው ተቀምጠው ሲረግጡ ይውላሉ፤ ከእያንዳንዱ መኪና አጠገብ አንድ ቴፕ አለ። አንዱን ዘፈን አልፋችሁ ሦስት እርምጃ ሳትሄዱ ሌላው ይቀበላችኋል። በመንገዱ አናት ላይ የጓደኛዬ የሀናን አባት፣ ጋሽ ዘከሪያ፣ ሙዚቃ ቤት ነበራቸው። በውጭው ግድግዳቸው ላይ የዓመቱ አዳዲስ ካሴቶች ሽፋን በተራ ይለጠፋል፤ ከእያንዳንዱ ሽፋን ሥር አንድ ገመድ ይንጠለጠላል።

ሕጉ እንዲህ ነው። አንድ ሰፊ ክሩ አልቆበት ባዶ ማጠንጠኛ በእጁ ሲቀር፣ በዚያች ደቂቃ ሲሰማው ለነበረው ካሴት ይሰጠዋል፤ ማጠንጠኛውን ሄዶ በካሴቱ ገመድ ላይ ይሰካዋል። ጳጉሜ አምስት ቀን ሁሉም ይቆጠራል። ብዙ ክር የጨረሰው ካሴት የዓመቱ አንደኛ ነው። መንዙማ ውድድሩ ውስጥ የለበትም፤ ጋሽ ዘከሪያ ለብቻው ከፍ አድርገው ነው የሚያስቀምጡት። ለምን ብዬ ስጠይቃቸው «ነቢን ማወደስና ዘፈን አንድ ግድግዳ ላይ? አስተግፊሩላህ!» ብለው አባረሩኝ።

እኔን ያስገረመኝ ሌላ ነገር ነው። ሰው የወደደውን ካሴት በአፉ አይናገርም? ጋሽ ናስርን ጠየቅኳቸው። ጋሽ ናስር የመንገዱ አንጋፋ ሰፊ ናቸው፤ ሁልጊዜ ከንፈራቸው መሀል መርፌ ይዘው ስለሚያወሩ በቃላቸው መሀል ትንሽ ፉጨት ይሰማል።

«አፍማ ምን አለበት» አሉኝ። «ይኼን እወዳለሁ ይልሻል፣ ዞር ሲል ሌላ ይሰማል። ክር ግን የሠራ እግር ነው የሚጨርሰው።»

«ባለ መነጽሩን አይወዱትም?»

«እወደዋለሁ እንጂ! ግን ያስተክዘኛል። እጄን አገጬ ላይ አድርጌ ስተክዝ የሰው ሱሪ መቼ ይደርሳል? የአባትሽ ግን… አቦ፣ እግር ያፋጥናል!»

እውነታቸውን እንደሆነ መርምሬ አረጋገጥኩ። ደረጃው ላይ ተቀምጬ እግራቸውን ቆጠርኩ። በባለ መነጽሩ ጊዜ መርገጫው ዘገም ይላል፤ የአባቴ ሲገባ ከታች ያለችው ጎማ እስክትደበዝዝ ትሽከረከራለች። የአባቴም ገመድ በየሳምንቱ እየከበደ ሄደ። አባቴ ራሱ ከጋራዥ ሲመለስ መንገዱን አዙሮ በዚያ ያልፋል፤ ቆሞ ሌላ ነገር የሚፈልግ ይመስላል፣ ኪሱን ይዳብሳል፣ ጫማውን ያስራል፣ ዓይኑ ግን ገመዱ ላይ ነው። ከንፈሩ ሲቆጥር አየው ነበር። ማታ እራት ላይ ለእናቴ ምንም አይላትም፤ እሷም ምንም አትጠይቀውም፤ ሁለቱም ግን ፊታቸው በርቶ ይበላሉ።

በዚያ ዓመት ነገሩ ከስም በላይ ነበር። የጋሽ ዘከሪያ የአጎት ልጅ ሳኒ መርካቶ ካሴት ያከፋፍላል። የዘንድሮው አንደኛ የሐረር ሰው ከሆነ፣ ካሴቱን አዲስ አበባ ወስዶ በአዲስ ሽፋን አባዝቶ በአገሩ ሁሉ ሊበትነው ቃል ገብቷል። ለእንቁጣጣሽ ይመጣል። የሐረር ሰው ካሴት ደግሞ ግድግዳው ላይ ሁለት ብቻ ነበር፤ አንደኛው የአባቴ ነው። አባቴ ባትሪ መሙላቱን ትቶ እንደገና ዘፋኝ መባሉ በዚያች ገመድ ላይ ተንጠልጥሎ ነበር ማለት ነው።

ነሐሴ ሊያልቅ ሦስት ቀን ሲቀረው፣ ቅዳሜ ቀን፣ ጋሽ ናስር ጠረጴዛ ሥር ገብቼ ለአሻንጉሊቴ ልብስ የሚሆን ቁርጥራጭ ጨርቅ እለቅም ነበር። በድንገት የእናቴን ጫማ አየሁ። ልጠራት አፌን ስከፍት ድምጿ ዝቅ ማለቱን ሰማሁና ዝም አልኩ። ድምፅ ዝቅ ተደርጎ የሚነገር ነገር አያመልጠኝም ነበር።

«ጋሽ ናስር፣ ያልኩዎት የዓለሙ ነገር ነው» አለች። ከላይ ጋዜጣ ተንኮሻኮሸ። ከዚያ አንድ ሙሉ ፓኮ ክር ከእጇ ወደ እጃቸው ሲያልፍ በጠረጴዛው ጠርዝ በኩል አየሁ።

«ይኼ ሁሉ ክር ምን ይሠራል፣ ሙሉነሽ?»

«እምቢ አይበሉኝ። በነፃ ሲለፉ እኔ እንዴት ዝም እላለሁ? ብቻ ለጳጉሜ አምስት መድረስ አለበት።»

«ኢንሻ አላህ ይደርሳል።»

«ዓለሙ እንዳይሰማ፣ አደራ።»

«ወላሂ ከእኔ አፍ አይወጣም።»

ጠረጴዛው ሥር ልቤ በደስታ ሊፈነዳ ደረሰ። ለእኔ ሒሳቡ ቀላል ነበር። ክር ያልቃል፣ ማጠንጠኛው ይቀራል፣ ማጠንጠኛው የአባቴ ገመድ ላይ ይገባል። እናቴ ለአባቴ ካሴት ክር እየሰጠች ነው! እንዲህ ያለ ብልሃት ለሌሎቹ ዘፋኞች ሚስቶች አልመጣላቸውም ብዬ ኮራሁባት።

ዛሬ የማውቀውን ልንገራችሁ። ጋዜጣው ውስጥ እናቴ ድሬዳዋ ድረስ ሄዳ የገዛችው ሰማያዊ የሱፍ ጨርቅ ነበር። አባቴ ለአዲሱ ሽፋን ፎቶ ሲነሳ የሚለብሰው ሙሉ ልብስ እንዲሰፋለት ነው። ጋሽ ናስር የእጄን ዋጋ አልቀበልም ስላሏት፣ በክር ልትክሳቸው ፈለገች። ነገሩ ይኸው ነበር። ጠረጴዛው ሥር ለተቀመጠች ልጅ ግን የሚታየው ክሩ ብቻ ነው።

በማግስቱ እሑድ አባቴ ጊታሩን ይዞ ግቢያችን ውስጥ ያለችው የዘይቱን ዛፍ ሥር ተቀምጦ ነበር። እናቴ ቤተ ክርስቲያን ሄዳለች። አላስቻለኝም።

«አባዬ፣ አንደኛ ነው የምትወጣው» አልኩት።

«ማን ነገረሽ?»

«ማንም። እኔው ደረስኩበት። እማዬ ለጋሽ ናስር አንድ ፓኮ ክር ሰጥታቸዋለች። ላንተ ነው።»

መጀመሪያ ፈገግ አለ። ከዚያ ጊታሩን ጭኑ ላይ አጋደመው። «ምን ብላ ሰጠቻቸው?»

«በነፃ ሲለፉ ዝም አልልም አለች። ለጳጉሜ አምስት ይድረስ አለች። አንተ እንዳትሰማም አለች።»

«መቼ መቼ ነው የምትሰጣቸው?»

ይህን ጥያቄ መመለስ አልችልም ነበር። አላየሁም ብል ደግሞ መርማሪነቴ ምኑ ላይ ነው? «ትናንት አይቻታለሁ» አልኩት፤ ከዚያ ከራሴ ጨመርኩ። «ሁልጊዜ ነው የምትሰጣቸው። ለሁሉም ሰፊዎች።»

እስከ ዛሬ አንጀቴን የሚበላኝ ያ ጭማሪ ነው። አንድ ፓኮ ክርን ሰው በብዙ መንገድ ሊተረጉመው ይችላል። «ሁልጊዜ» እና «ለሁሉም» የሚሉትን ቃላት ግን የሰጠሁት እኔ ነኝ፤ ማንም አላሳየኝም፣ ማንም አልነገረኝም።

አባቴ ራሴን ዳበሰኝ። «ጎበዝ» አለኝ። «እንደነገርሽኝ ለእናትሽ አትንገሪያት፣ እሺ?» በአንድ ቀን ሁለት ምስጢር ያዝኩ፤ የእናቴን ከአባቴ ባልደብቅም የአባቴን ከእናቴ ደበቅኩ። ኩራቴ ልክ አልነበረውም።

ሰኞ ከሰዓት በኋላ አባቴ እጄን ይዞኝ ወደ ፈረስ መጋላ ሄድን። ለምን እንደምንሄድ አልነገረኝም፤ እኔ እንደሆነ ገመዱን ልናይ ነው ብያለሁ። እዚያ ስንደርስ አባቴ ሰላም እንኳን ሳይል ወደ ግድግዳው ሄዶ የራሱን ሽፋን በጥፍሩ መላጥ ጀመረ።

ጋሽ ዘከሪያ ከውስጥ ሮጠው ወጡ። «አቦ ዓለሙ! ምን እየሠራህ ነው?»

«የእኔን አውጣው። ከውድድሩ ወጥቻለሁ።»

«ስድስት ቀን ሲቀረው? ሳኒ እኮ የሚመጣው ያንተን ሊወስድ ነው!»

«የሌላ ይውሰድ።»

«ያስቀየመህ አለ? ንገረኝ እንጂ!»

«ማንም አላስቀየመኝም» አለና ገመዱን ከምስማሩ ፈታ። ማጠንጠኛዎቹ ተንኳኩ። ጋሽ ዘከሪያ እጃቸውን ዘርግተው ቆመው ቀሩ፤ አንዴ አባቴን፣ አንዴ እኔን ያያሉ።

እኔ ምን መሰለኝ? ቆጠራው ሳይደርስ አሸንፎ ሽልማቱን የወሰደ መሰለኝ! «እኔ ልያዘው» አልኩት። አባቴ ገመዱን ሰጠኝ። አንገቴ ላይ ሁለት ዙር ጠመጠምኩት፤ እስከ ጉልበቴ ደረሰ። እንደዚያ ሆኜ መኪና ግርግርን ቁልቁል ወረድነው። ያ መንገድ ጸጥ ሲል ሰምቼ አላውቅም። ሰፊዎቹ ሲያዩን አንድ በአንድ እግራቸውን አነሱ፤ ጋሽ ናስር ቴፓቸውን ዘጉና ከወንበራቸው ብድግ አሉ። ለክብራችን ነው ብዬ እጄን አውለበለብኩላቸው። የመለሰልኝ የለም።

ጳጉሜ አምስት ቀን ባለ አረንጓዴ ቀሚሷ አንደኛ ተባለች። ሳኒ መጣ፤ እሷ የሐረር ሰው ስላልነበረች ባዶ እጁን ተመለሰ። በጥቅምት አባቴ ጊታሩን ለአንድ የድሬዳዋ የሠርግ ባንድ ሸጠው። እናቴ «ምን ነካህ? ምን አደረግንህ?» ትለው ነበር፤ እሱ «ሰልችቶኝ ነው» ይላል፣ ሌላ ቃል የለም። የሚገርመው አልተጣሉም። አባቴ አይጮህም፣ ወጥቶ አያመሽም፣ ደመወዙን ቆጥሮ ይሰጣታል። ብቻ ቤት ውስጥ መዝፈኑን ተወ። ጢሙን ሲላጭ እንኳን አያንጎራጉርም።

እናቴ ልብሱን አላሳየችውም። ካሴቱ ከቀረ ፎቶው ምን ይሆናል ብላ ይመስለኛል፤ ወይም በቁስሉ ላይ እንጨት መስደድ መስሏት ይሆናል። ሰኔ ሲደርስ ጋሽ ናስር ዘንድ ወስዳ ስፌቱን አስፈታችው። በሚቀጥለው ዓመት እኔ ለትምህርት ቤት አዲስ ሰማያዊ ጃኬት ነበረኝ፤ እጅጌው ረዘም ያለ፣ እያደግሽ ትሞይዋለሽ የተባልኩበት። ከየት መጣ ብዬ አልጠየቅኩም። እኔ፣ መርማሪዋ።

እናቴ በሁለት ሺህ ሰባት ዓመተ ምሕረት አረፈች። በመጨረሻዎቹ ወራት እኔ ነበርኩ የማስታምማት። አልፎ አልፎ አባቴን በዓይኗ ትጠራውና «አንዷን ብቻ ዝፈንልኝ፤ ያቺን አጭሯን» ትለው ነበር። «ድምፄ ሄዷል፣ ሙሉዬ» ይላታል። ድምፁ ቢሄድም ሊሞክርላት አይገባም ነበር ወይ ብዬ በልቤ ታዝቤዋለሁ።

ይህን ሁሉ ሳላውቅ እስከ ዘንድሮ ሚያዝያ ቆየሁ። የቦርሳዬን ዚፕ ላስቀይር መኪና ግርግር ሄጄ ነበር። ዘፈኑ አሁን ከስልክ ነው፤ የጋሽ ዘከሪያም ሙዚቃ ቤት ጫማ መሸጫ ሆኗል። ጋሽ ናስር ግን አሁንም እዚያው በራቸው ላይ ናቸው፤ መርፌውም ከንፈራቸው መሀል።

«የዓለሙ ልጅ!» አሉኝ። «አባትሽ ደህና ነው? ቂሙን አልተወልንም?»

«የምን ቂም?»

«እኛም አናውቀው። ያን ቀን ገመዱን በጥሶ ሲሄድ፣ የሰፊ ድምፅ ምን ያደርግልኛል ብሎ ንቆን ነው አልን። ስንቴ ላነጋግረው አስቤ ተውኩት። ያ ሁሉ ሱፍ ተሰፍቶ፣ አንድ ቀን እንኳን ሳይለብሰው!»

«የምን ሱፍ?» አልኩ።

ነገሩኝ። ዚፑን እየፈቱ፣ ቀና እንኳን ሳይሉ፣ የሁሉም ሰው የሚያውቀው ወሬ አስመስለው ነገሩኝ። ያችው የድሮዋ ደረጃ ላይ ተቀመጥኩ። እኔም ያየሁትን፣ ለአባቴ ያልኩትን ነገርኳቸው። መርፌውን ከአፋቸው አወጡ።

«ለምርጫው ክር? ያ ረቢ! ልጄ፣ እኛ የማንሰፋውን ክር ምን ላይ እንጨርሰዋለን? ያን ፓኮ የከፈትኩት እሱ ከወጣ በኋላ ነው፤ ልብሱን ሰፍቼበታለሁ። ገመዱ ላይ የነበረው አርባ አንድ ነው፤ በእጄ ቆጥሬዋለሁ። የሚከተለው ሠላሳ አራት ነበር።»

ከዚያ እስከ ቤት ድረስ በእግሬ ሄድኩ። ባጃጅ ይጠራኛል፣ እጄን አወዛውዛለሁ። ባልነግረውስ? ስልሳ ዓመቱ ነው፣ የደም ግፊት አለበት፣ እናቴ የለችም፣ ጊታሩ የለም። ማንን ይጠቅማል? ደግሞ ወዲያው፣ ዕድሜ ልኩን በምፅዋት የተወደደ መስሎት ይሙት እንዴ እላለሁ። ራሴን ፈራሁ። ዘጠኝ ዓመቴ ሳለ ሳይገባኝ ተናገርኩ፤ አሁን ገብቶኝ ዝም ልል ነው።

አባቴ በር ላይ ወንበር አውጥቶ የሬዲዮ ባትሪ ድንጋይ ፀሐይ ላይ ይደረድር ነበር። አጠገቡ መሬት ላይ ተቀመጥኩና አንድም ሳልደብቅ ነገርኩት። ጨርቁን፣ ክሩን፣ «ሁልጊዜ» ያልኩትን፣ ጃኬቱን። ባትሪዎቹን መደርደሩን አላቆመም። ስጨርስ የመጨረሻዋን ባትሪ አስቀመጠ። ከዚያ ፊቱን ሳያዞር ጠየቀኝ።

«ስንት አልሽ?»

«አርባ አንድ።»

«ሁለተኛው ማን ነበር?»

«ባለ አረንጓዴ ቀሚሷ። ሠላሳ አራት።»

«እሷን?» አለ። «እሷን በለጥኳት?» ፊቱ ላይ ፈገግታ መጣ፤ ልጅ ሳለሁ እራት ላይ የማየው ዓይነት። በሰባት፣ በሰባት ማጠንጠኛ፣ እያለ ራሱን ነቀነቀ። እኔም ሳላስበው አብሬው ሳቅሁ።

ከዚያ ሳቁ ተቋረጠ። ወደ ቤቱ ውስጥ፣ እናቴ ታማ ወደተኛችበት ክፍል አየ።

«አንዷን ብቻ ዝፈንልኝ ስትለኝ» አለ፣ «ስታሾፍብኝ ነበር የሚመስለኝ። ራሷ የገዛችልኝን ጭብጨባ የምታስታውሰኝ ይመስለኝ ነበር።»

አልቻልኩም፤ ጉልበቱን ያዝኩ። «አባዬ፣ ይቅር በለኝ። እኔ ነኝ ያበላሸሁት።»

እጁን ራሴ ላይ አደረገ። ጣቶቹ በባትሪ አሲድ ሻክረዋል።

«አንቺ ዘጠኝ ዓመትሽ ነበር» አለኝ። «እኔ አርባ ሁለት ነበርኩ። እሷ ደግሞ ከዚያ በኋላ አሥራ አምስት ዓመት ሙሉ እዚሁ ጎኔ ነበረች፤ አንድ ቀን አልጠየቅኳትም።»